አንድ ኩባያ ለውዝ ስንት ግራም ነው? ስፍርን ወደ ሚዛን የመቀየር መመሪያ

የለውዝ ብስኩት፣ የጾም ኬክ ወይም የለውዝ ቅቤ ቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ ደጋግመው ያመጡታል። አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ፦ በአሜሪካ ኩባያ የተሰፈረ፣ የተፈለፈለ፣ ያልተከተፈ ለውዝ 146 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህ መልስ ግን ብዙ አያስኬድም። እናንተ እጅ ያለው ኩባያ የአሜሪካው አይደለም፤ ለውዙም ጥሬ፣ የተቆላ፣ የተላጠ ወይም የተከተፈ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጎንደር ከቅዳሜ ገበያ በጣሳ ተሰፍሮ የመጣው ለውዝና ሬሲፒው ላይ «ኩባያ» ተብሎ የተጻፈው የሚገናኙት ግራም ላይ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ተቀምጣችሁ የራሳችሁን ኩባያ ከለካችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማባዛት ነው።

እዚህ ለውዝ የምንለው ኦቾሎኒን ነው። አልመንድ፣ ካሽውና ዋልነት በየስማቸው ተጠቅሰዋል። ሰሊጥና ተልባም በዚሁ መንገድ ይለካሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በ1 ግራም ልዩነት የሚያነብ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን። እስከ 5 ኪሎ የሚችል ለቤት ይበቃል።
- አዲስ፣ መርፌ የሌለው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ። ፋርማሲ ይገኛል።
- ሁልጊዜ የምትሰፍሩበት አንድ ኩባያ ወይም ብርጭቆ። አፉ ዝንፍ የማይል፣ ዳሩ ያልተሸረፈ ይሁን።
- ቀጥ ያለ ቢላ ወይም ማስመሪያ።
- ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን፣ ሰፌድና ወንፊት።
- ቢያንስ ግማሽ ኪሎ የተፈለፈለ ለውዝ። ከዚህ ካነሰ ኩባያውን ደጋግሞ ለመሙላት አይመችም።
- ወረቀት፣ እስክሪብቶና ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ማስጠንቀቂያ

ሻጋታ የያዘ፣ የጠቆረ፣ የተጨማደደ ወይም ሲቀምሱት የሚመር ለውዝ ካለ ለይታችሁ ጣሉት። በእንዲህ ያለ ለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ምጣድ ላይ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በተለይ በክረምት፣ እርጥበት ያለበት ቤት ውስጥ በፌስታል ታስሮ የከረመ ለውዝ ሲገጥማችሁ ፍሬ በፍሬ ልቀሙት።

ቤት ውስጥ ለውዝ የማይስማማው ሰው ካለ ደግሞ ለውዝ የሰፈራችሁበትን ኩባያ ለሌላ ምግብ አታውሉት። አለርጂው ለሚጠናበት ሰው ኩባያው ግድግዳ ላይ የቀረች ብናኝ እንኳ ልትበቃ ትችላለች።

ደረጃ 1፦ ሚዛኑን ፈትኑ

ሚዛኑን ጠንካራና ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ምንጣፍ፣ የታጠፈ ጨርቅ ወይም የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ንባቡን ያዛባል። ከላይ ባዶ ሳህን አድርጋችሁ ወደ ዜሮ መልሱት። ከዚያ በሲሪንጁ 5 ጊዜ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ፤ ሚዛኑ 100 ግራም ማለት አለበት። 5 ጊዜ ስትደግሙት 200 ይላል። በ100 ላይ 1 ወይም 2 ግራም ቢዛነፍ ችግር የለውም። ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ፤ አቅሙ የደከመ ባትሪ ቁጥሩ እንዲዋልል ያደርጋል።

ሲሪንጁን ስትሞሉ የአየር አረፋውን አስወጡ፤ የምታነቡትም የጥቁሩ ጎማ ወደ አፉ የቀረበው ጠርዝ የደረሰበትን መስመር ነው። ይህን ደረጃ መዝለል የሚያጓጓ ቢሆንም፣ የተዛነፈ ሚዛን ቀጥሎ የምታወጡትን ቁጥር ሁሉ እኩል ያዛባዋል። እናንተም ጥፋቱን ከለውዙ ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ኩባያው ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ እወቁ

ደረቁን ኩባያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣችሁ ወደ ዜሮ መልሱት። ውሃ ሙሉበት፤ የምታቆሙት ልክ አፉ ላይ፣ የውሃው ገጽ ለጥ ብሎ ሲታይ ነው። ውሃ ከአፍ በላይ ጉብ ብሎ ሳይፈስ ሊቆም ስለሚችል ዓይናችሁን ከኩባያው አፍ እኩል ዝቅ አድርጋችሁ እዩት። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ስለሚመዝን ሚዛኑ ያነበበው ግራም የኩባያው ይዘት ነው። ለምሳሌ 310 ግራም ካለ ኩባያው 310 ሚሊ ሊትር ይይዛል።

ኩባያው ውስጡ መስመር ቢኖረው እንኳ ለውዝን በመስመር አትስፈሩ። ውሃ መስመር ላይ ይረጋል፤ ለውዝ ግን ይከመራል እንጂ አይረጋም፣ ቢላም ኩባያው ውስጥ ገብቶ ሊያስተካክለው አይችልም። ስለዚህ እስከ አፉ ሞልቶ የሚጠረግ ዕቃ ብቻ ተጠቀሙ።

ግማሽ ሊትር የሚል የውሃ ፕላስቲክን እንደ ልኬት መውሰድ ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። ፋብሪካው ከአንገቱ ላይ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ እናንተ እስከ አፉ ስትሞሉት ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ይይዛል።

ለክታችሁ ስትጨርሱ ኩባያውን በደንብ አድርቁት። እርጥብ ግድግዳ ላይ የለውዝ ልጣጭ ይለጠፋል።

ደረጃ 3፦ ለውዙን አዘጋጁ፣ ያለበትንም ሁኔታ ጻፉ

ድንጋይና ገለባውን በሰፌድ አበጥሩ። ሰሊጥ ከሆነ አሸዋውን በወንፊት አውጡ፤ ካጠባችሁት ደግሞ ሙሉ ለሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ከነዚህ አንዱን ጻፉ፦ ጥሬ ከነልጣጩ፣ የተቆላ ከነልጣጩ፣ የተቆላ የተላጠ፣ የተከተፈ። ሁኔታው ካልተጻፈ ቁጥሩ በሚቀጥለው ወር ምንም አይነግራችሁም።

ሁኔታው ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ክብደቱ ስለሚለወጥ ነው። ጥሬ ለውዝ ከ6 እስከ 7 በመቶ ውሃ አለው፤ በደንብ ሲቆላ ከ2 በመቶ በታች ይወርዳል። ቀዩ ስስ ልጣጭ ሲነሳ ሌላ 3 በመቶ ገደማ ይሄዳል። በዚህም 100 ግራም ጥሬ ለውዝ ተቆልቶና ተልጦ 92 ግራም አካባቢ ይሆናል። ሬሲፒው 200 ግራም የተቆላና የተላጠ ለውዝ ቢፈልግ፣ 200 ÷ 0.92 ብላችሁ 217 ግራም ጥሬ ትመዝናላችሁ፤ የሚያርና የሚሰበር ስለማይጠፋ 225 ማድረግ ይበጃል። ከነቅርፊቱ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ከ1 ኪሎ ውስጥ ፍሬው 700 ግራም ገደማ ነው፤ ቀሪው ቅርፊት ነው።

ከምጣድ የወረደ ለውዝ እስኪቀዘቅዝ አይመዘንም። ገና እርጥበቱን እያተነነ ስለሆነ ክብደቱ አልረጋም፤ ትኩስ ዕቃም የሚዛኑን ስሜት ያዛባል።

ደረጃ 4፦ ሙሉ፣ ጥረጉ፣ መዝኑ

ባዶውን ኩባያ ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ወደ ዜሮ መልሱ። ኩባያውን አውርዳችሁ ለውዙን ከሳህኑ በእጃችሁ እያፈሳችሁ ሙሉት፤ ትንሽ ከአፉ በላይ ይከመር። አትነቅንቁት፣ ጠረጴዛ ላይ አትምቱት፣ በመዳፍ አትጫኑት። ስትነቀንቁት ፍሬዎቹ ክፍተታቸውን ስለሚሞሉ በዚያው ኩባያ ውስጥ ተጨማሪ ለውዝ ይገባል።

አሁን በቢላው ጀርባ ጥረጉት። ዱቄት ሲጠረግ አፉ ለጥ ይላል፤ ለውዝ ግን አይልም፣ ቢላው ፍሬ እየመታ ይቆማል። ስለዚህ ከአፉ በላይ ከግማሽ አካሉ በላይ የወጣውን ፍሬ አንሱ፣ ከግማሽ በታች የወጣውን ተዉት። ጉድጓድ ከቀረ አንድ ፍሬ ጣል አድርጉበት።

መዝናችሁ ጻፉ። ወደ ሳህኑ ገልብጡና አደባልቃችሁ እንደገና ሙሉ። ሦስት ጊዜ አድርጉት። የ310 ሚሊ ሊትሩ ኩባያ 189፣ 194 እና 193 ግራም ቢሰጣችሁ አማካዩ 192 ነው። በትልቁና በትንሹ መካከል ከ10 ግራም በላይ ልዩነት ካለ አሞላላችሁ አንድ ዓይነት አልነበረምና ድገሙት። ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ለይምሰል አይደለም፤ ፍሬዎቹ በየሙሌቱ የሚይዙት አቀማመጥ ስለሚለያይ አንድ ንባብ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል።

በቡና ሲኒ ለመለካት የምትፈልጉ ካላችሁ ይቅርባችሁ። ዕቃው ባነሰ ቁጥር ፍሬዎቹ ከግድግዳው ጋር የሚተዉት ክፍተት ድርሻ ይበዛል። በሲኒ አራት ጊዜ የተሰፈረ ለውዝ፣ ይዘቱ የሲኒውን አራት እጥፍ በሆነ ኩባያ ከተሰፈረው ያነሰ ይመዝናል። ለሰሊጥ ግን ሲኒም ይሠራል፣ ፍሬው ደቃቅ ነውና።

ደረጃ 5፦ ግራሙን ለሚሊ ሊትር አካፍሉ

192 ÷ 310 = 0.62። የእናንተ ለውዝ በአንድ ሚሊ ሊትር ስፍር 0.62 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። የመመሪያው ሁሉ ቁልፍ ይህ ቁጥር ነው፤ ኩባያ ቢሰበርም፣ ሬሲፒው ከየትም አገር ቢመጣም ያገለግላችኋል።

ደረጃ 6፦ ሬሲፒው በየትኛው ኩባያ እንደተጻፈ ለዩ፣ ከዚያ አባዙ

- የአሜሪካ ኩባያ፦ 237 ሚሊ ሊትር
- የአውስትራሊያና የሌሎች በሜትሪክ የሚለኩ አገሮች ኩባያ፦ 250 ሚሊ ሊትር
- የጃፓን ኩባያ፦ 200 ሚሊ ሊትር
- የሾርባ ማንኪያ፦ 15 ሚሊ ሊትር (በአውስትራሊያ 20)
- የሻይ ማንኪያ፦ 5 ሚሊ ሊትር

ካልተጻፈ ከጎኑ ያሉትን ቁጥሮች እዩ። ምድጃው በፋራናይት፣ ቅቤው በአውንስ ከተሰጠ የአሜሪካ ነው። ዱቄቱ በግራም፣ ምድጃው በሴልሺየስ ሆኖ ኩባያም ካለበት 250 ውሰዱ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ሬሲፒው 1 ኩባያ ተኩል ለውዝ በአሜሪካ ቢል፣ 1.5 × 237 × 0.62 = 220 ግራም።

አውንስ ሲያጋጥማችሁ ክብደት ከሆነ 1 አውንስ 28 ግራም፣ 1 ፓውንድ 454 ግራም ነው። «የፈሳሽ አውንስ» የተባለው ግን ስፍር ነው፣ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፤ ሁለቱን አታምታቱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን መከተፉ ላይ ነው። «1 ኩባያ የተከተፈ ዋልነት» ሲል መጀመሪያ ከትፋችሁ ትሰፍራላችሁ። «1 ኩባያ ዋልነት፣ ተከትፎ» ሲል ደግሞ ሳይከተፍ ሰፍራችሁ ከዚያ ትከትፋላችሁ። በዋልነት የመጀመሪያው 117 ግራም፣ ሁለተኛው 100 ግራም ነው። ሬሲፒውን ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ይህን ቅደም ተከተል ካጠፋው ኬኩ ላይ የ17 ግራም ልዩነት ይመጣል። የሚያስከፋው ለሁለትና ለሦስት ኩባያ ሲሆን ነው።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩን ኩሽና ውስጥ ለጥፉ

«የተቆላ የተላጠ ለውዝ፣ ሰማያዊው ኩባያ፣ 310 ሚሊ ሊትር፣ 192 ግራም፣ 0.62» ብላችሁ ከነቀኑ ጽፋችሁ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ለጥፉት። ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ፍሬው የሚተልቅ ወይም የሚደቅ ለውዝ ስትገዙ ደረጃ 4ንና ደረጃ 5ን ብቻ ድገሙ።

መነሻ ቁጥሮች

የራሳችሁን እስክታወጡ ድረስ እነዚህ ያገለግላሉ። የመጀመሪያው ለ237 ሚሊ ሊትር፣ ሁለተኛው ለ250 ሚሊ ሊትር ኩባያ ነው፤ ሁሉም በግራም።

- የተፈለፈለ ሙሉ ለውዝ፦ 146 / 154
- የለውዝ ቅቤ፦ 258 / 272
- ሰሊጥ፦ 144 / 152
- ተልባ፣ ያልተፈጨ፦ 168 / 177
- የተፈለፈለ የፈረንጅ ሱፍ፦ 140 / 148
- የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ፦ 129 / 136
- ሙሉ አልመንድ፦ 143 / 151
- በስሱ የተቆራረጠ አልመንድ፦ 92 / 97
- የተፈጨ አልመንድ፦ 95 / 100
- ካሽው፦ 137 / 145
- ዋልነት፣ ግማሽ በግማሽ፦ 100 / 106
- የተከተፈ ዋልነት፦ 117 / 124
- የተፈጨ ዋልነት፦ 80 / 85

በሾርባ ማንኪያ፦ ሰሊጥ 9 ግራም፣ ያልተፈጨ ተልባ 10፣ የተፈጨ ተልባ 7፣ የለውዝ ቅቤ 16።

አልመንዱን ልብ ብላችሁ እዩት። ያው ፍሬ፣ ያው ኩባያ ሆኖ ሲቆራረጥ ከ143 ወደ 92 ይወርዳል፤ ስስ ቁርጥራጮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተንጋዶ ብዙ አየር ይይዛሉና። ዋልነት ግን በተቃራኒው ሲከተፍ ይጨምራል፤ ግማሾቹ ጠማማ ስለሆኑ ሰፊ ክፍተት ይተዋሉ፣ ሲከተፉ ክፍተቱ ይሞላል። ስለዚህ «የተከተፈ ሁልጊዜ ይከብዳል» ወይም «ይቀላል» የሚል ደንብ አታውጡ።

የተፈጨና የለውዝ ቅቤ

በሙቀጫ የተወቀጠ ወይም በወፍጮ የተፈጨ ለውዝን በኩባያ መስፈር አይመከርም። ዘይት ስላለው ይጣበቃል፤ ለቀቅ አድርጎ የሞላውና በማንኪያ የተጫነው እጅግ ይለያያሉ። ሳይፈጭ መዝናችሁ ከዚያ ፍጩት፤ ከወፍጮው ላይ ተጠርጎ እስከወጣ ድረስ ክብደቱ ያው ነው።

ለለውዝ ቅቤ ቀላሉ መንገድ ማሰሮውን ወይም ጠርሙሱን ከነቅቤው ሚዛኑ ላይ አድርጎ ወደ ዜሮ መመለስ ነው። በማንኪያ ስታወጡ ሚዛኑ ከዜሮ በታች ይቆጥራል፤ -64 ሲል 64 ግራም፣ ማለትም 4 የሾርባ ማንኪያ ወጥቷል። ማንኪያው ላይ የተጣበቀውን ጠርጋችሁ ወደ ምግቡ ካልጨመራችሁ ግን ጎድሎባችኋል። ለውዝ ሻይ የምታፈሉም ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ስንት ግራም ቅቤ እንደሚስማማችሁ በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ለዩት፤ ሻዩ ከቀን ቀን አይቀጥንም አይወፍርም።

በ1 ግራም የሚያነብ ሚዛን አንድ የሻይ ማንኪያ ሰሊጥን በትክክል አይይዝም። ልሙጥ 10 ማንኪያ በአንድ ዕቃ ሰፍራችሁ መዝኑና ለ10 አካፍሉ።

የገበያ ጣሳን ወደ ኪሎ መመለስ

ቅዳሜ ገበያም ሆነ አራዳ ለውዝና ሰሊጥ በጣሳ ወይም በብርጭቆ ሲሰፈርላችሁ፣ ስፍሩ ከምርቃቱ ጋር ቁልል ነው። ስለዚህ የጣሳውን ይዘት በውሃ ለክቶ ማባዛት አያዋጣም፤ ቁልሉ ይቀራል። የሚሻለው የገዛችሁትን ቤት አምጥታችሁ መመዘን ነው። ሦስት ጣሳ ገዝታችሁ 1,560 ግራም ከወጣ አንዱ ጣሳ 520 ግራም ነው። ጣሳው ለምሳሌ 100 ብር ቢሆን 100 ÷ 520 × 1,000 = 192 ብር በኪሎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ በኪሎ ከሚሸጠው ሱቅ ጋር ማወዳደር ትችላላችሁ። ጣሳዎች መጠናቸው ስለሚለያይና አንዳንዱ ሥሩ ወደ ውስጥ ስለሚጎደጉድ የአንዷን ነጋዴ ቁጥር ለሌላዋ አትውሰዱት።

ሚዛን ከሌለ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ሱቅ ላይ ተመዝኖ የተሸጠ 1 ኪሎ ለውዝ ገዝታችሁ በኩባያችሁ ልሙጥ እየሰፈራችሁ መቁጠር ነው። 5 ኩባያና ሩብ ከሆነ 1,000 ÷ 5.25 = 190 ግራም በኩባያ። ሁለተኛው፣ ኩባያውን በሲሪንጅ ውሃ እየቆጠሩ ሞልቶ ይዘቱን ማወቅና ከላይ ካለው ዝርዝር ማስላት ነው፦ 310 ÷ 237 × 146 = 191 ግራም። ሁለቱ ከተቀራረቡ ተቀበሉት። የመጀመሪያው ይሻላል፣ በራሳችሁ ለውዝ የተሠራ ነውና፤ የሚበላሸው የሱቁ ሚዛን ከዋሸ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሹ ነገሮች

- እየመዘናችሁ ሳለ ሚዛኑ ይጠፋል። አብዛኞቹ ዲጂታል ሚዛኖች ጥቂት ደቂቃ ካልተነኩ ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ የያዙት ዜሮም አብሮ ይሄዳል። የባዶውን ሳህን ክብደት ቀድማችሁ ጻፉ፤ ቢጠፋባችሁ ከጠቅላላው ትቀንሱታላችሁ።
- የለውዝን ቁጥር ለዱቄት ወይም ለስኳር መጠቀም። የስንዴ ዱቄት በአሜሪካ ኩባያ 125 ግራም፣ ስኳር 200 ግራም ገደማ ነው። እያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር አለው።
- ጨውና ዘይት የተጨመረበት የታሸገ ለውዝን እንደ ባዶ ለውዝ መቁጠር። ክብደቱ ብዙም አይለይም፣ የምግቡ ጨው ግን ይለያል።
- ለውዙን ብቻ በግራም ቀይሮ ሌላውን በቤት ኩባያ መስፈር። ኩባያችሁ 310 ሆኖ ሬሲፒው በ237 ከተጻፈ ዱቄቱና ስኳሩ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይበዙና ለውዙ ትክክል እያለ ብስኩቱ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ወይ ሁሉንም በግራም፣ ወይ ሁሉንም በዚያው በአንዱ ኩባያ።
- የጎንደርን ከፍታ መጠርጠር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም፣ ሌላ አገር የተስተካከለ ሚዛን እዚህ የሚያሳየው ልዩነት በ1 ኪሎ ከ4 ግራም ገደማ አይበልጥም። ለ220 ግራም ለውዝ ከ1 ግራም በታች ነው። ከፍታው የሚነካው ማፍላትን ነው፤ ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ፣ ለውዝ ቀቅላችሁ የምትበሉ ከሆነ በባሕር ጠለል ላይ ላለ ከተማ የተጻፈውን ደቂቃ ጨመር አድርጉበት።